ሠላሳ አምስተኛው እርምጃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጠዋቱ 3፡48 ሆኗል፤ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ግን ገና እሑድ ሌሊት ነው፣ ለእኩለ ሌሊት 12 ደቂቃ ይቀራል። በዚያች ደቂቃ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኙት የአማዞን የኮምፒውተር ማዕከላት የሚሠራው ዳይናሞዲቢ የተባለ ግዙፍ ዳታቤዝ በሙሉ ጤንነቱ ላይ እያለ ከኢንተርኔት ጠፋ። እሳት አልተነሣም፤ መብራት አልተቋረጠም፤ ሰብሮ የገባ ሰውም የለም። ሰርቨሮቹ ሥራቸው ላይ ናቸው። የሚፈልጋቸው ሁሉ ግን የት እንዳሉ የሚነግረው አጣ። የአድራሻ መዝገባቸው ባዶ ሆኖ ነበር።

ስናፕቻት ተንገዳገደ፤ ሲግናልና ፎርትናይትም እንዲሁ። በአማዞን ኪራይ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ኢንጂነሮቻቸውን ከእንቅልፍ ቀሰቀሱ። አድራሻው የተመለሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው፤ ጦሱ ግን በአሜሪካ ለሰኞ ከሰዓት በኋላም ተርፏል።

አማዞን በኋላ ያወጣው ማብራሪያ ጥፋተኛ ለሚፈልግ አንባቢ ተስፋ አስቆራጭ ነው። ዲኤንኤስ የሚባለው መዝገብ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ ይመልሳል። ዳይናሞዲቢን የሚያህል አገልግሎት አድራሻዎቹ ብዙ ናቸው፣ በየጊዜውም ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ መዝገቡን የሚያድሰው ሰው ሳይሆን ሶፍትዌር ነው። አንድ አቃጅ ፕሮግራም የትኞቹ ማሽኖች ጤነኛ እንደሆኑ እያየ አዳዲስ ዕቅድ ያወጣል። አስፈጻሚ የሆኑ ሦስት ፕሮግራሞች ደግሞ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሆነው ዕቅዱን እያነሡ መዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ። ሦስት የሆኑት አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ነው። ለጥንቃቄ ተብሎ የተደረገ ነገር ነው።

ያን ሌሊት አንደኛው አስፈጻሚ ዘገየ። ሥራውን ሲጀምር ደንቡ እንደሚያዘው «የያዝኩት ዕቅድ መዝገቡ ላይ ካለው አዲስ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ መልሱም አዎ ነበር። እሱ ሲጓተት አቃጁ ሌሎች ዕቅዶችን ማውጣቱን ቀጠለ። ሁለተኛው አስፈጻሚ ከእነዚህ አዲሱን አንሥቶ ቶሎ ቶሎ ጻፈና ጨረሰ፤ እንደ ልማዱም ወደ ጽዳት ገባ፦ በጣም ያረጁ ዕቅዶችን መሰረዝ። በዚያው ቅጽበት ዘገምተኛው ደረሰና ያረጀ ዕቅዱን በአዲሱ ላይ ጻፈበት። የዕቅዱን አዲስነት ያጣራው ከብዙ ጊዜ በፊት ስለሆነ፣ መልሱ በእጁ እያለ ሻግቶበታል። ጽዳቱ ደግሞ ያንን ያረጀ ዕቅድ አገኘውና ሰረዘው። አሁን ግን ያ ዕቅድ መዝገቡ ላይ ያለው ዕቅድ ነበር። አድራሻዎቹ በሙሉ አብረውት ሄዱ፤ ነገሩም ከሦስቱ አስፈጻሚዎች አንዱ እንኳ መልሶ ማስተካከል ከማይችልበት ሁኔታ ላይ ወደቀ። ሰው በእጁ ገብቶ መጠገን ነበረበት።

እስቲ ጥፋተኛው ማነው? መዘግየት ጥፋት አይደለም። ከመጻፍ በፊት ማጣራትም፣ አሮጌ ነገር መሰረዝም ትክክል ነው። እያንዳንዱን ፕሮግራም ለብቻው አውጥተህ ብታየው እንከን አታገኝበትም። እንከኑ ያለው በመካከላቸው፣ ማን ከማን ቀደመ በሚለው ውስጥ ነው። የሙያው ሰዎች ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል። ኮድ መስመር በመስመር ለሚያነብ ሰው ደግሞ «በመካከል» ያለ ነገር አይታየውም፤ የተጻፈበት መስመር የለምና።

ነገሩን በትንሽ ምሳሌ እንየው። ባልና ሚስት በጋራ ሒሳባቸው 1,000 ብር አላቸው። ባል ሜክሲኮ ኤቲኤም ላይ 800 ብር ሊያወጣ ነው፤ ሚስት ቦሌ ሆና በሞባይል 800 ብር ልታስተላልፍ ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቀሪውን ያያል፣ ከዚያ ቀንሶ አዲሱን ቀሪ ይጽፋል። ሁለት ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት እርምጃ። እነዚህ አራት እርምጃዎች በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊፈጸሙ ይችላሉ። በሁለቱ፣ አንዱ ፈጽሞ ከጨረሰ በኋላ ሌላው ስለሚጀምር፣ ሁለተኛው «በቂ ገንዘብ የለም» ይባላል። በቀሩት በአራቱ ሁለቱም 1,000 ብር አይተዋል፤ ሁለቱም 800፣ 800 ይዘው ይሄዳሉ፤ ሒሳቡም 200 ብር ቀረኝ ይላል። 1,600 ብር ወጣ ማለት ነው።

ባንኮች ይህችን ችግር ከፈቱ ዘመናት አልፈዋል፤ አንዱ ሲጠቀም ሒሳቡ ለሌላው ይቆለፋል። አንድ ኮምፒውተር ላይ መቆለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ያው ሒሳብ ለደህንነት ሲባል ሦስት ቦታ ተገልብጦ ቢቀመጥ፣ በመካከላቸው ያለው መስመር ቢቆራረጥ፣ ቁልፉን የያዘው ማሽን ቁልፉን እንደያዘ ቢሞትስ? ወይም ሞተ ተብሎ ቁልፉ ለሌላ ከተሰጠ በኋላ፣ ዘግይቶ ብቻ ኖሮ ቢነቃስ?

እዚህ ላይ ፍተሻ አቅም ያጣል። ሁለት ፕሮግራሞች ዐሥር ዐሥር እርምጃ ቢኖራቸው እርምጃዎቹ የሚሰባጠሩባቸው መንገዶች 184,756 ይሆናሉ። ፕሮግራሞቹ ሦስት ቢሆኑ ቁጥሩ ከ5.5 ትሪሊዮን ያልፋል። ይህ ምንም ነገር ሳይበላሽ ነው፤ የጠፋ መልእክት፣ ሁለት ጊዜ የደረሰ መልእክት፣ ተዘግቶ የተነሣ ማሽን ገና አልተቆጠሩም። ሞካሪ ሲስተሙን ሌት ተቀን ቢያንገላታው ከዚህ ባሕር የሚቀዳው ጭልፋ ነው። ባሕሩን ለማሰስ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ያ መሣሪያ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ 1978 ጥሩ መነሻ ነው (ይህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት አንድ የአሜሪካ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት በወራት ልዩነት ሦስት ጽሑፎችን አወጣ። ሐምሌ ላይ ሌስሊ ላምፖርት ስለ ጊዜና ስለ ክስተቶች ቅደም ተከተል ጻፉ። ነሐሴ ላይ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡ ፕሮግራሞችን የሚገልጽ ቋንቋ አቀረቡ። ታኅሣሥ ላይ ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር ሁለት የማይተማመኑ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ላይ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበትን ሥርዓት አስነበቡ። ከሦስቱ ሁለቱ ከዓመታት በኋላ ይገናኛሉ፤ እንመለስበታለን።

ላምፖርት ኒውዮርክ የተወለዱ የሒሳብ ሰው ናቸው። ለ1978ቱ ጽሑፍ መነሻ የሆናቸው ሌሎች የጻፉት የዳታቤዝ ግልባጮችን የማስማሚያ ዘዴ ነበር። ሲያዩት አንድ ነገር ቆረቆራቸው፦ ዘዴው ምክንያትና ውጤትን ያገላብጣል። የአንስታይንን አንጻራዊነት ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ችግሩ አዲስ አልሆነባቸውም። በተራራቁ ቦታዎች የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች የትኛው ቀደመ ተብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ ትርጉም የለውም፤ አንዱ ለሌላው መልእክት ካደረሰ ብቻ ነው በእርግጥ «ቀደመ» የሚባለው። ኮምፒውተሮችም እንዲሁ ናቸው። ለሁሉም የሚሠራ አንድ የግድግዳ ሰዓት የለም። በ1987 ለባልደረቦቻቸው በላኩት ኢሜይል ደግሞ ነገሩን በቀልድ ቋጩት፦ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ማለት መኖሩን እንኳ የማታውቀው ኮምፒውተር ተበላሽቶ የአንተን ኮምፒውተር ከጥቅም ውጭ የሚያደርግበት ሲስተም ነው አሉ። በጥቅምቱ ሰኞ ስናፕቻት አልከፍት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ትርጓሜ ያለ አስተማሪ ተምሮታል።

ጊዜን በቋንቋ የመያዝ ሐሳብ ግን ከሌላ አቅጣጫም መጥቷል። አርተር ፕራየር የተባሉ የኒውዚላንድ ፈላስፋ በ1950ዎቹ «ሁልጊዜ»ን እና «አንድ ቀን»ን የመሳሰሉ አነጋገሮችን በሎጂክ ምልክት ለመጻፍ ሲታገሉ ኮምፒውተር በሐሳባቸው አልነበረም፤ የሚያስጨንቃቸው ነገ ተወስኗል ወይስ አልተወሰነም የሚለው ጥያቄ ነበር። በ1977 እስራኤላዊው አሚር ፕኑኤሊ ይህን የፈላስፎች ሎጂክ አንሥተው ስለ ፕሮግራም ለመናገሪያ አደረጉት። ሳይቆም የሚሠራ ፕሮግራም የመጨረሻ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ትክክለኛነቱ የሚገለጸው «ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው» ወይም «ያ አንድ ቀን ይሆናል» በማለት ነው። ፕኑኤሊ በዚህ ሥራቸው የ1996ቱን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። እኔን የሚገርመኝ፣ የዕጣ ፈንታ ክርክር ሄዶ ሄዶ የዳታቤዝ ጥገና ላይ መድረሱ ነው።

ላምፖርት ይህን ሎጂክ አሳጥረውና አቅንተው በ1994 የራሳቸውን አሳተሙ፤ ቲኤልኤ ፕላስ የተባለው ቋንቋም ከዚያ ወጣ። ቋንቋ ስንል ፓይተንን ወይም ጃቫን የምናስብ ከሆነ እንስታለን። በቲኤልኤ ፕላስ የተጻፈ ነገር ተጠቃሚ ዘንድ የሚደርስ ፕሮግራም አይሆንም። ላምፖርት የሚወዱት ምሳሌ የቤት ፕላን ነው፤ ፕላን ውስጥ ማንም አይኖርም፣ ያለ ፕላን ግን ፎቅ የሚያቆም የለም።

የባልና ሚስቱን ሒሳብ በዚህ ቋንቋ ብንጽፍ ምን እንጽፋለን? መጀመሪያ ተለዋዋጮቹን፦ የሒሳቡ ቀሪ፣ እያንዳንዱ ያየው ቁጥር፣ እያንዳንዱ የደረሰበት እርምጃ፣ እስካሁን የወጣው ገንዘብ። ቀጥሎ መነሻውን፦ ቀሪው 1,000 ነው፣ የወጣው ዜሮ ነው። ቀጥሎ ሊሆኑ የሚችሉ እርምጃዎችን፣ እያንዳንዳቸውን በአሁንና በቀጣይ መካከል ባለ ዝምድና። ከተለዋዋጩ ስም አጠገብ ትንሽ ጭረት ከተደረገች «በሚቀጥለው ሁኔታ የሚኖረው ዋጋ» ማለት ነው፤ ስለዚህ «ጭረት ያለው ቀሪ እኩል ይሆናል ካየሁት ሲቀነስ 800» ብለህ ትጽፋለህ። ማን ቀድሞ ይራመድ የሚለውን አትወስንም፤ «ወይ እሱ፣ ወይ እሷ» ትላለህ። በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን፣ ፈጽሞ እንዳይጣስ የምትፈልገውን አረፍተ ነገር ትጽፋለህ፦ የወጣው ገንዘብ ድምር ከ1,000 አይበልጥም። ከፊቱ ትንሽ ባዶ ካሬ ትሥላለህ። ካሬዋ «ሁልጊዜ» ማለት ናት።

ከዚያ ሥራው የሞዴል ቼከሩ ነው። ለቲኤልኤ ፕላስ ዩዋን ዩ የሠሩት ቲኤልሲ የተባለው ፕሮግራም ከመነሻው ተነሥቶ ሊደረስባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች አንድም ሳያስቀር ይዞራቸዋል፤ በየደረሰበት ካሬዋ ያለችበትን አረፍተ ነገር ይፈትሻል። በእኛ ምሳሌ በዓይን ጥቅሻ ይጨርስና አምስት ሁኔታዎችን ተራ በተራ ይዘረግፍልሃል። መነሻው፤ ባል 1,000 አየ፤ ሚስት 1,000 አየች፤ ባል 200 ጻፈ፣ የወጣው 800፤ ሚስት 200 ጻፈች፣ የወጣው 1,600፤ አረፍተ ነገሩ ተጥሷል። «ስህተት አለ» ብሎ ብቻ አይተውህም፤ ወደ ስህተቱ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ እየመራ ያሳይሃል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ውበት ለእኔ ይህ ነው።

መቆለፊያ ጨምረን ብንደግመው አረፍተ ነገሩ አይጣስም። ቁልፉን የያዘው ማሽን ሊሞት ይችላል የሚል እርምጃ ብንጨምርበትም ገንዘብ ትርፍ አይወጣም፤ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አይወጣም። ሒሳቡ ለዘላለም ተቆልፎ ይቀራል። ላምፖርት በ1977 የለዩት ልዩነት ይህ ነው፦ መጥፎ ነገር በጭራሽ እንዳይሆን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ጥሩው ነገር አንድ ቀን እንዲሆን መጠየቅ ሌላ። ምንም የማይሠራ ሲስተም የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁልጊዜ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመታት የምሁራን ጨዋታ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ነገሩን ወደ ገበያ ካወጡት አንዱ በአማዞን ይሠሩ የነበሩት ኢንጂነር ክሪስ ኒውኮም ናቸው፤ ድርጅቱ ቲኤልኤ ፕላስን መጠቀም የጀመረው በ2011 ነው። ዳይናሞዲቢ መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ እየገለበጠ የሚይዝበትን ዘዴ የነደፉት ባልደረባቸው ቲም ራት ሥራቸውን ያልፈተሹ ሰው አልነበሩም። ኔትወርኩን በሐሰት እያስመሰሉ፣ ብልሽት ሆን ብለው እያስገቡ ለረጅም ጊዜ ሞክረዋል፤ ዘዴው ለምን ትክክል እንደሆነም በጽሑፍ አስረድተዋል። ንድፉም ኮዱም በሌሎች ዓይን አልፏል። ከዚያ ቋንቋውን በጥቂት ሳምንታት ተማሩና ንድፋቸውን ጻፉበት። የዳይናሞዲቢ ጽሑፍ 939 መስመር ሆነ። ሞዴል ቼከሩን በዐሥር ኃይለኛ ማሽኖች ላይ አስነሡት።

የወጣው መንገድ ሠላሳ አምስት እርምጃ ነበረው። አንድ የብልሽትና የማገገም ቅደም ተከተል ከሌላ ሥራ ጋር በልዩ መንገድ ከተሰባጠረ የደንበኛ መረጃ ሊጠፋ ይችላል። ከሠላሳ አምስቱ እያንዳንዱ ለብቻው ተራ ነገር ነው፤ እንደ ሠንሰለት ሲያያዙ ነው ገደል የሚገቡት። እንዲህ ያለውን መንገድ በሐሳቡ የሚከተል ሰው ማን አለ? በእኔ ግምት ስድስተኛው ላይ መንገዱ ይጠፋብናል።

«ይህን ያህል የተጣመመ ነገር በተግባር መቼ ይሆናል?» የሚል ይኖራል። የአማዞን ሰዎች በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ መልስ አላቸው፤ እንዲህ የተወሳሰቡ አጋጣሚዎችን በተግባር ብዙ ጊዜ አይተዋል። ቁጥሩም ይደግፋቸዋል። ኤስ ስሪ የተባለው የፋይል ማከማቻቸው በ2013 በሰከንድ እስከ 1.1 ሚሊዮን ጥያቄ ያስተናግድ ነበር። በዚያ ፍጥነት ከቢሊዮን አንዴ የሚያጋጥም ነገር በየሩብ ሰዓቱ ያጋጥማል።

ከዚያው ጽሑፍ እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሌላ ነው። ኒውኮም ሐሳቡን ለባልደረቦቻቸው ሲያቀርቡ የሒሳብ ሽታ ያላቸውን «ፎርማል»፣ «ማረጋገጫ» የሚሉትን ቃላት ሆን ብለው ከአፋቸው አላወጡም፤ የቋንቋው ምህጻረ ቃል ምን ማለት እንደሆነም መጀመሪያ ላይ አልተናገሩም። ንድፍን ከስህተት ማጽዳት ነው አሉ፤ በቃ። ሒሳብ የሚል ቃል የሰማ ፕሮግራመር ጥሎ እንደሚሄድ ያውቁታል። እስከ 2014 ሰባት ቡድኖች እየተጠቀሙበት ነበር፤ ጀማሪውም አንጋፋውም ኢንጂነር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ተምሮ ጠቃሚ ውጤት ማግኘት ችሏል። በኤስ ስሪ ውስጥ መረጃን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር አንድ ዘዴ ላይ ስህተት ተገኘ፤ ለስህተቱ የቀረበው የመጀመሪያ ጥገና ውስጥም ሌላ ስህተት ተገኘ። ይህን የሰማ ፕሮግራመር ሁሉ የራሱን አንድ ሌሊት ማስታወሱ አይቀርም።

መሣሪያው ነጻ ነው። ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም አይቆምም፤ ላምፖርት ራሳቸው የሚያስተምሩበት የቪዲዮ ትምህርትም ያለ ክፍያ ይገኛል። የገንዘብ ማስተላለፊያና የክፍያ ሲስተም የሚሠሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ይህን ቢያውቁ ምንኛ ጥሩ ነበር ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 1978 ልመለስ። የኒድሃምና የሽሮደር የማንነት ማረጋገጫ ዋናው ክፍል ሦስት መልእክት ብቻ ነው፤ በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፋል። በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች አነበቡት፣ አስተማሩበት። በ1995 እንግሊዛዊው ጋቪን ሎው ቀዳዳውን አሳዩ፦ አንድ አጭበርባሪ ሁለት ግንኙነቶችን ጎን ለጎን ከፍቶ፣ የአንዱን መልእክት ለሌላው እያቀበለ፣ ያልሆነውን ሰው ነኝ ብሎ ማሳመን ይችላል። በቀጣዩ ዓመትም ሥርዓቱን በቶኒ ሆር ቋንቋ ጽፈው፣ በዚያ ቋንቋ ላይ የሚሠራ መፈተሻ ጥቃቱን በራሱ እንዲያገኘው አደረጉ። በአንድ ዓመት በአንድ መጽሔት ከወጡት ጽሑፎች አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ለማሳየት ከ17 ዓመት በላይ ፈጀ። ጥገናው አንዲት ነገር ናት፤ ሁለተኛው መልእክት ላይ የላኪውን ስም መጨመር።

«ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» ተብሎ የተጻፈበት ነገርም ከዚህ አያመልጥም። በ2001 በኤምአይቲ ተመራማሪዎች የቀረበው ኮርድ የተባለ ፕሮቶኮል ኮምፒውተሮችን በቀለበት ያደራጃል፤ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን በማወቅ ሁሉም የሁሉንም መረጃ ያገኛል። ዝነኛ ነው፤ ትክክለኛነቱ በሒሳብ የሚረጋገጥ መሆኑም ከመለያዎቹ አንዱ ተደርጎ ቀርቦ ነበር። በኤቲ ኤንድ ቲ ይሠሩ የነበሩት ፓሜላ ዜቭ አሎይ በተባለ ሌላ የንድፍ መጻፊያ ቋንቋ ቀለበቱን ጻፉትና በ2012 ውጤቱን አሳተሙ፦ እስከዚያ ከታተሙት የኮርድ ቅጂዎች ትክክለኛ የሆነ አንድም የለም። ማሽኖች ሲገቡና ሲወጡ ቀለበቱ ሊበላሽና ተመልሶ ላይጠገን ይችላል።

ከሁሉ የሚቆጨው ግን የጠፈሩ ታሪክ ነው። ናሳ በጥቅምት 1998 ዲፕ ስፔስ ዋን የተባለች መንኮራኩር አመጠቀ፤ ከተሸከመቻቸው ሙከራዎች አንዱ ከምድር ትእዛዝ ሳይጠብቅ መንኮራኩሯን የሚመራ ሶፍትዌር ነበር። ገና በ1997 የናሳ ተመራማሪዎች የዚህን ሶፍትዌር አንድ ክፍል ወስደው፣ ጄራርድ ሆልዝማን በቤል ላብራቶሪ በሠሩት ስፒን በተባለ መሣሪያና በቋንቋው ፈትሸውት አምስት ስህተት አገኙ። ስህተቶቹ ታረሙ። በግንቦት 1999 ሶፍትዌሩ መንኮራኩሯን በተረከበ በማግስቱ ሞተሩን አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ሲገባው ዝም አለ። ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ደርቀዋል። ምድር ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ይህ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም። መንስኤው ሲጣራ ከሁለት ዓመት በፊት ከተገኙት አምስቱ የአንዱ ወንድም ሆኖ ተገኘ፤ የነበረው ግን ባልተፈተሸው ክፍል ውስጥ ነው።

እስካሁን ያልናቸው ቋንቋዎች ፕላን የሚነድፉ ናቸው። ፕላኑ ትክክል ከሆነ በኋላ ኮዱን የሚጽፈው ሰው ነው፤ በፕላኑና በኮዱ መካከልም ስህተት ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቋንቋ የማዋሐድ ምኞት ተነሣ። ማይክሮሶፍት ውስጥ የተወለደው ፒ የተባለው ቋንቋ ሲስተሙን መልእክት እንደሚለዋወጡ ማሽኖች ያስጽፍሃል፤ ያንኑ ጽሑፍ ይፈትሸዋል፣ ያንኑ ወደሚሠራ ኮድ ይለውጠዋል። የዊንዶውስ 8 የዩኤስቢ ሾፌር ዋና ክፍል የተሠራው በእሱ ነው። በኋላ አማዞንም ወሰደው፤ በታኅሣሥ 2020 ኤስ ስሪ አዲስ የተጻፈ ፋይል ወዲያውኑ ለሁሉም እንዲታይ ዋስትና ወደሚሰጥበት አሠራር ሲሸጋገር ፒ ከመፈተሻዎቹ አንዱ ነበር። ፒ ኮድ ጸሐፊውን በሚያውቀው መንገድ ስለሚያናግረው፣ ለብዙ ቡድኖች ከቲኤልኤ ፕላስ ይልቅ በሩ ሰፊ ይመስለኛል።

ከዚህም አልፈው እስከ ሒሳባዊ ማረጋገጫ የሄዱ አሉ። ሞዴል ቼከር ሦስት አራት ማሽን ያለበትን ትንሽ ሲስተም ነው አሟጥጦ የሚያየው፤ ማረጋገጫ ግን ለስንትም ማሽን ይሆናል። በ2015 ማይክሮሶፍት ሪሰርች አይረንፍሊት የተባለ ሥራ ይዞ ወጣ፤ ኮዱም ማረጋገጫውም ዳፍኒ በተባለ ቋንቋ አብረው የተጻፉ ናቸው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቨርዲ ደግሞ ራፍት የተባለውን ታዋቂ የስምምነት ፕሮቶኮል እስከ መጨረሻው አረጋግጧል፤ ማረጋገጫው ወደ 50,000 መስመር ይጠጋል። ያንን ያህል ጽሑፍ ኮምፒውተር ራሱ ደረጃ በደረጃ ካላጣራው ማንም አያምነውም፤ እንዲያጣራው ነውም የተጻፈው።

በዋጋው የሚደነግጥ አለ፤ ትክክልም ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለእያንዳንዱ ሲስተም የሚከፍል ድርጅት የለም። እኔ ሚዛኔ ወደ ፕላኑ ያደላል፦ 939 መስመር ጽፎ ሠላሳ አምስተኛውን እርምጃ ማግኘት ትርፉ ግልጽ ነው። ደግሞም አብዛኛው ጥቅም የሚገኘው ቼከሩ ከመነሣቱ በፊት ነው፣ ያቺን ካሬ ያለባትን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንቀመጥ። «ሲስተሙ ምን ይሠራል?» ለሚለው ሁሉም ሰው መልስ አለው፤ «ምን ከቶ መሆን የለበትም?» ሲባል ስብሰባው ጸጥ ይላል። ጽዳት መዝገቡ ላይ ያለውን ዕቅድ ፈጽሞ አይሰርዝም የሚል አንድ መስመር የሚጻፈው ይህ ጥያቄ የተጠየቀበት ክፍል ውስጥ ነው።

የማረጋገጫውን ወሰን ደግሞ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎች በሒሳብ የተረጋገጡ ሦስት ዲስትሪቢዩትድ ሲስተሞችን፣ አይረንፍሊትና ቨርዲ ያሉበትን፣ ወስደው ስህተት ፍለጋ ገቡባቸው። አሥራ ስድስት አገኙ። የፕሮቶኮሎቹ ልብ ላይ፣ ማረጋገጫው በሸፈነው ቦታ፣ አንድም አልነበረም። የነበሩት በዳርቻው ነው፦ የተረጋገጠው ኮድ ከፋይልና ከኔትወርክ ጋር በሚነጋገርበት ቀጭን ያልተረጋገጠ ንብርብር ውስጥ፣ ማረጋገጫውን በሚያስኬዱት መሣሪያዎች ውስጥ፣ እና ሰው በእጁ በጻፈው፣ ሲስተሙ ምን ማድረግ እንዳለበት በሚናገረው ገጽ ላይ።